እግራችሁ ስለ ጫማችሁ የሚነግራችሁ ምን ያህል ይታመናል?

በሴፕቴምበር 2023 ትዕግስት አሰፋ የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ጨርሳ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በነጋታው ወሬው ስለ እሷ ብቻ አልነበረም፤ እግሯ ላይ ስለነበረው ጫማም ብዙ ተባለ። አዲዳስ አዲዜሮ አዲዮስ ፕሮ ኢቮ 1 ይባላል። አምራቹ እንደሚለው አንዱ ጫማ 138 ግራም ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ከዚያ ሳይከብድ አይቀርም። ዋጋው ደግሞ 500 ዶላር ነበር፤ እሱስ አይቀልም።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንዴ ይህንን ጫማ፣ አንዴ ደግሞ መልኩም ቅርጹም ያው የሆነ ግን 50 ግራም የሚከብድ ጫማ ሳታዩ እግራችሁ ላይ ባደርግላችሁ፣ ሮጣችሁ ስትመለሱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ትነግሩኛላችሁ? ብዙ ሰው ሳያመነታ «አዎ» ይላል። ጫማ እኮ ነው፤ እግር ካላወቀው ማን ያውቀዋል?

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ አሁንም ምርምር ላይ ነኝ። እኛ ጋ አንድ አዲስ መለኪያ ላብራቶሪ ሲገባ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራሱ ይፈተናል። ያንኑ ነገር አሥር ጊዜ ሲለካ አሥሩንም ጊዜ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣል? ምን ያህል ትንሽ ልዩነት መለየት ይችላል? ወደ አንድ ወገን ያደላል ወይ? የሥጋ ቤት ሚዛን ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ሁላችንም እናነሳለን። የራሳችን እግር ላይ ግን አንስተን አናውቅም። ደግሞ እኮ ጫማ ስንገዛ ብዙ ብር የምናወጣው እግራችን «ይሄ ይሻላል» ስላለን ነው።

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ እንደ ጥያቄው ነው። እግር ለአንዳንዱ ጥያቄ ጎበዝ ምስክር ነው። ለሌላው ግን ያላየውን ነገር በሙሉ ልብ የሚመሰክር ምስክር ይሆናል።

ክብደት፦ እጅ የሚያውቀው፣ እግር የማያውቀው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጀርመን ላይፕሲግ ከተማ ያስተምር የነበረው ኤርንስት ሃይንሪሽ ቬበር ሰዎችን የተለያየ ክብደት እያስነሳ «የትኛው ይከብዳል?» ብሎ ይጠይቃቸው ነበር። ያገኘው ነገር ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ልዩነትን የምንለየው በግራም ሳይሆን በድርሻ ነው። ባዶ ቦርሳ ውስጥ አንድ ደብተር ቢጨመር ወዲያው ታውቁታላችሁ። መጽሐፍ ጢም ባለ ቦርሳ ውስጥ ያው ደብተር ቢጨመር ግን ልብ አትሉትም። ደብተሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አብሮት ያለው ነገር ነው።

ይህን ወደ ጫማ እናምጣው። 250 ግራም የሚመዝን ጫማ በእጃችሁ ያዙ። 50 ግራም ብንጨምርበት ጭማሪው የጫማው አንድ አምስተኛ ነው፤ እጅ ይህን አይስትም። አሁን ያንኑ ጫማ አድርጉትና ሩጡ። ያኔ የምታንቀሳቅሱት ጫማውን ብቻ አይደለም፤ ከጉልበት በታች ያለው አካላችሁ በሙሉ አብሮ ይወዛወዛል። 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ ከአንዱ ጉልበት በታች ያለው ክፍል 3.6 ኪሎ ገደማ ነው። ጫማውን ስንደምርበት 3.85 ኪሎ ይሆናል። 50 ግራም የዚህ ስንት በመቶ ነው? 1.3 በመቶ። ደብተሩ የሞላ ቦርሳ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጫማውን በእጃችሁ ስትይዙ ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው እጃችሁ ላይ ነው። ስትቆሙበት ግን ጫማውን የተሸከመው መሬቱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ጫማው የእናንተ ሸክም የሚሆነው በሩጫ መሃል እግራችሁ አየር ላይ በሚሆንበት፣ ግማሽ ሰከንድ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ሰውነታችሁ የሚያስበው ስለ ቀጣዩ እርምጃ እንጂ ስለ ግራም አይደለም።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎች የተለያየ ክብደት ያላቸውን ጫማዎች ሰዎች አንዴ አድርገዋቸው፣ አንዴ ደግሞ በእጃቸው ይዘዋቸው እንዲያወዳድሩ አድርገው ፈትነዋል። እጅ በሰፊው በልጧል። ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ጫማውን እጃችሁ ላይ ጣል አድርጎ «እስቲ ያዘው፣ ላባ እኮ ነው!» የሚለው ለዚህ ይሆን? ካሰባችሁት ትክክለኛውን መለኪያ ነው የመረጠው። ችግሩ ማንም በእጁ አለመሮጡ ነው።

ታዲያ እግራችን ካልተሰማው ምን ቸገረን? ለዚህ ጥያቄ በጣም የምወደው መልስ የመጣው ከኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ነው፤ በ2016 የታተመ ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ 18 ሯጮችን ሰበሰቡ። አንድ ዓይነት ሞዴል ጫማ ሦስት ጥንድ አዘጋጁ፦ አንዱን እንዳለ ተዉት፣ ሌላው ላይ በእያንዳንዱ ጫማ 100 ግራም፣ ሦስተኛው ላይ 300 ግራም የእርሳስ ፍንጣሪ ደብቀው ጨመሩ። ለሯጮቹ ግን አልነገሯቸውም። ከዚያ በመሮጫ ማሽን ላይ እያስሮጡ የሚተነፍሱትን አየር ለኩ፤ ሰው የሚያቃጥለው ጉልበት ከሚጠቀመው ኦክስጅን ይታወቃልና። በሌላ ቀን ደግሞ 3000 ሜትር በሙሉ አቅማቸው እንዲሮጡ አደረጉ።

ውጤቱ የሚገርም ንጽሕና ነበረው። በአንድ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሚያቃጥሉት ጉልበት በ1 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የ3000 ሜትር ሰዓታቸው ደግሞ በ0.78 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ ማለትም ዘገዩ።

አሁን ወደ 50 ግራሙ እንመለስ። ይህ ዝምድና ለማራቶንም ይሠራል ብለን ብንወስድ፣ 50 ግራም ማለት 0.39 በመቶ መዘግየት ነው። የትዕግስትን ሰዓት በሰከንድ ብናወጣው 7913 ይሆናል። 0.39 በመቶው ስንት ነው? ወደ 31 ሰከንድ። በትልቅ ውድድር 31 ሰከንድ በወርቅና በምንም መካከል ያለ ርቀት ሊሆን ይችላል። እግር የማይለየውን ልዩነት ሰዓቱ ይለየዋል ማለት ነው። እኔን ከዚህ ርዕስ ጋር ያጣበቀኝ ይህ ነገር ነው፤ «አይሰማኝም» እና «የለም» አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ልስላሴ፦ አውራ ጣትና ተረከዝ

ክብደት ቢያንስ በሚዛን ይለካል፤ ክርክር የለውም። ልስላሴ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ጫማ የሚገዛ ሰው ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል። አውራ ጣቱን ጫማው ውስጥ ያስገባና ተረከዙ ጋ ጫን ጫን ያደርጋል። ገባ ገባ ካለ «ምቹ ነው» ይባላል። እስቲ ይህን ፈተና እንደ መሐንዲስ እንመርምረው። መጀመሪያ፣ ጣታችሁ የነካው ሶሉን አይደለም፤ ከሶሉ በላይ የተነጠፈውን ተነቃይ ስፖንጅ ነው። እሱ ደግሞ የጥቂት ሚሊሜትር ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ጣት ሲጫን ጉልበቱ ትንሽ ነው። 60 ኪሎ የሆነ ሰው ሲሮጥ ግን አንድ እግሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይደርሳል። በትንሽ ጭነት ለስላሳ የሆነ ፎም በትልቅ ጭነት ጨርሶ ሊታመቅና እንደ ጣውላ ሊደርቅ ይችላል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ፍጥነት። ጣታችሁ ቀስ ብሎ ነው የሚጫነው፤ ተረከዝ ግን መሬት ሲመታ ነገሩ በመቶኛ ሰከንዶች ያልቃል። ፎም ቀስ ብለው ሲጫኑትና በድንገት ሲመቱት አንድ ዓይነት ቁስ አይደለም፤ በድንገት ሲመታ ይጠነክራል። ብርድ ሲሆንም እንዲሁ። ጠዋት በውርጭ ስትወጡ የጠነከረባችሁ ጫማ ቀትር ላይ ያው ጫማ ላይመስላችሁ ይችላል።

እሺ፣ ጣቱን እንተወውና አድርገነው እንሩጥ። አሁን መለኪያው እግሩ ራሱ ሆነ። ውስጥ እግራችን ቆዳ ሥር ጫናን፣ ንዝረትንና የቆዳ መወጠርን የሚያውቁ አራት ዓይነት ተቀባዮች አሉ። ደካሞች አይደሉም። ሯጮች በመልክ አንድ የሆኑ፣ በሶላቸው ጥንካሬ ብቻ የሚለያዩ ጫማዎች ሲሰጧቸው ጠንካራውን ከለስላሳው በደንብ መለየት እንደሚችሉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በተለይ ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን።

ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። «ይህ ለስላሳ ነው» ካልን በኋላ በልባችን አንድ ነገር እንጨምራለን፦ «ስለዚህ እግሬ ላይ የሚያርፈው ምት ያንሳል»። ይህን ጭማሪ ግን እግር አልለካውም።

በካናዳ ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ 93 ሯጮችን የሶል ጥንካሬያቸው በሚለያይ ሦስት ጫማ አስሩጠው ከመሬት የሚመለሰውን ኃይል ለኩ። በ2015 ታተመ። ማንም የሚጠብቀው ሶሉ በለሰለሰ ቁጥር የመጀመሪያው ምት ይቀንሳል ብሎ ነው። የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው፤ ሶሉ ሲለሰልስ የምቱ ከፍታ ጨመረ።

እንዴት ሊሆን ይችላል? ምክንያቱም ጫማው ብቻውን አይሮጥም። ስንሮጥ እግራችን እንደ ሞላ ነው የሚሠራው፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት እየታጠፉ ይታመቃል፣ እየተዘረጉ ይለቃል። ይህ ሞላ ደግሞ ከመኪና ባሌስትራ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ጥንካሬውን መለወጥ ይችላል። መሬቱ ሲለሰልስ እግር ይጠነክራል፤ መሬቱ ሲጠነክር እግር ይለሰልሳል። የሁለቱ ድምር ብዙም እንዳይለወጥ ያደርጋል ማለት ነው። በካሊፎርኒያ የተሠራ የ1999 ጥናት ሯጮች ከአንድ ዓይነት ወለል ወደ ሌላ ሲሻገሩ ይህን ማስተካከያ በመጀመሪያዋ እርምጃ እንደሚጨርሱት አሳይቷል። በመጀመሪያዋ! ሳያስቡት፣ ሳይወስኑት።

ለመለኪያ ይህ ትልቅ ችግር ነው። አስቡት፣ ዕቃ በተቀመጠበት ቁጥር ራሱን በራሱ የሚያስተካክል ሚዛን። ጠቋሚው ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ሥራው የተሠራው ከውስጥ ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ ወሬ አለ። ጆሮ የሰማው እግርን ይለውጠዋል። በ1997 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሙከራ 15 ወጣት ወንዶችን በባዶ እግራቸው 4.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ወዳለ የኃይል መለኪያ መድረክ እንዲረግጡ አደረገ። መድረኩ አንዴ ባዶውን ነበር፤ ሦስት ጊዜ ደግሞ የጫማ ሶል በሚሠራበት ቁስ ተሸፍኗል። ሦስቱም ሽፋኖች አንድ ናቸው፤ የተለያዩ እንዲመስሉ ብቻ ተደርገዋል። ለአንዱ «ምት አብርዶ ይጠብቃል» ተባለ፣ ለሌላው «በደንብ አያበርድም፣ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል»፣ ለሦስተኛው «ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም»። ተጠንቀቁ የተባለው ላይ ሲረግጡ ምታቸው ዝቅ አለ። ይጠብቃል በተባለው ላይና ምንም ባልታወቀው ላይ ግን ጠንክረው ረገጡ። ሲደጋገም ልዩነቱ እየሰፋ ሄደ።

አሥራ አምስት ሰው ጥቂት ነው፤ መርገጥም መሮጥ አይደለም። እኔ ከዚህ ሙከራ ተነስቼ ስለ ማራቶን ምንም አልልም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ ያው ቁስ፣ ያው እግር፣ የተለየ ወሬ፣ የተለየ አረጋገጥ። ማስታወቂያው ጫማውን ከማድረጋችሁ በፊት መለኪያው ውስጥ ገብቷል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ለስላሳ ጫማ ውሸት ነው» ብላችሁ እንዳትሄዱ። በሉክሰምበርግ ከ800 በላይ ሯጮች የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ በ2020 ታትሟል። ጫማዎቹ በመልክ አንድ ናቸው፤ ግማሹ ጠንካራ፣ ግማሹ ለስላሳ ሶል አለው። ሯጮቹም አያውቁም፣ የሚከታተሏቸው ተመራማሪዎችም አያውቁም። ለስድስት ወር ጉዳት ተመዘገበ። ጠንካራውን ያደረጉት የመጎዳት ዕድላቸው በ1.5 ጊዜ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ለስላሳው ጠቀመ ማለት ነው፤ ግን «ምቱን ስለቀነሰ» የሚለው ማብራሪያ፣ ከላይ እንዳየነው፣ በቀላሉ አይያዝም። ልስላሴን ስሜታችሁ አወቀው፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን የሚነግራችሁ አይደለም። ይህን ለማወቅ 800 ሰውና ስድስት ወር አስፈለገ።

ምቾት፦ እግር የተካነበት ጥያቄ

እስካሁን እግርን ብዙ ወቀስኩት። አሁን ልካሰው።

«ይህ ጫማ ይቆረቁራል ወይ? ጣቴን ይጨምቀኛል ወይ? ተረከዜ ይንሸራተታል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ከእግር የተሻለ መሣሪያ የለም። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ያገኘው ጫማ ስላልተመቸው ነበር፤ በልምምድ ባዶ እግሩን ይሮጥ ስለነበር እግሩ አላሳፈረውም። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው። እግሩ የመሰከረው ስለ «ጫማ» በጠቅላላው ሳይሆን ስለዚያ ጫማ ነበር ማለት ነው፤ ጥሩ ምስክር እንዲህ ነው።

ምቾት ዝም ብሎ ድሎት አይደለም። የካልጋሪዎቹ ተመራማሪዎች በ2001 ባወጡት ሥራ 206 ወታደሮችን ይዘው ከስድስት ዓይነት የጫማ ውስጥ ንጣፍ የሚመቻቸውን እንዲመርጡ አድርገው ለወራት ተከታተሏቸው። የመረጡትን ንጣፍ የተጠቀሙት ካልተጠቀሙት ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው። ደግሞም የተመረጠው ንጣፍ ለሁሉም አንድ አልነበረም፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ጠላው። በ2009 እዚያው የተሠራ ሌላ ጥናት ሯጮች በጣም በተመቻቸው ጫማ ሲሮጡ ከማይመቻቸው ይልቅ ኦክስጅን በ0.7 በመቶ ያህል ቆጥበው አገኘ። ትንሽ ናት፤ ግን አለች።

ነገር ግን ይህ ጎበዝ ምስክር እንኳ አንዴ ሲጠየቅ አይበቃም። በ2002 ሯጮች የጫማ ምቾትን በአንድ መስመር ላይ ምልክት እያደረጉ ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ፤ አንደኛው ጫፍ «ፈጽሞ አይመችም»፣ ሌላው «ከዚህ በላይ ምቾት የለም»። ያንኑ በተለያዩ ቀናት ደጋገሙት። ነጥቡ ሊታመን የቻለው በሁለት ሁኔታ ነው። አንደኛ፣ ሁልጊዜ የሚመለሱበት አንድ የማይለወጥ ማወዳደሪያ ጫማ ሲኖር። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ተትተው የአራተኛው፣ የአምስተኛውና የስድስተኛው ቀን አማካይ ሲወሰድ። እኛ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ቆመን፣ ሁለት እርምጃ ሄደን፣ መስታወት አይተን እንወስናለን።

ማወዳደሪያ ለምን አስፈለገ? ስሜት ሁልጊዜ ከቅርብ ጊዜው ጋር ስለሚያወዳድር ነው። ካረጀ፣ ሶሉ ካለቀ ጫማ ወጥታችሁ የምትገቡበት አዲስ ጫማ ሁሉ ደመና ነው። ሻጩ መጀመሪያ ጠንካራውን፣ ቀጥሎ ሊሸጥላችሁ የፈለገውን ቢሰጣችሁ ሥራው አለቀ። እግር በቀኑ ማለቂያና በሙቀት እንደሚያብጥም አትርሱ፤ ጠዋት ልክክ ያለው ጫማ ማታ ሊጨምቅ ይችላል።

«ይህ ጫማ ይሮጣል»

ስለ ፍጥነት ስሜት አጭር ነገር ብቻ። የዛሬዎቹ ወፍራም ሶል ያላቸው፣ የካርቦን ፕሌት የተቀበረባቸው የውድድር ጫማዎች ሲረገጡ ወደ ፊት የሚገፉ ይመስላል፤ ያደረጋቸው ሁሉ ያወራል። ከኮሎራዶ የወጣው፣ በ2018 የታተመውና በናይኪ ገንዘብ የተደገፈው ጥናት በ18 ሯጮች ላይ በአማካይ 4 በመቶ የጉልበት ቁጠባ አገኘ፤ ሌሎች ላብራቶሪዎችም ቁጠባ መኖሩን አይተዋል። አማካይ ግን አማካይ ነው። በ2023 የወጣ ሥራ ሰባት የዓለም ደረጃ ኬንያውያን ሯጮችን በእነዚህ ጫማዎችና በቀጭን የውድድር ጫማ ሲያወዳድር፣ ከ11.4 በመቶ ጥቅም እስከ 11.3 በመቶ ጉዳት ድረስ ተበታትኖ አገኘው። የዚህ ስፋት ከፊሉ የመለኪያው የራሱ መዋዠቅ ይመስለኛል። ቢሆንም ከፊሉ እንኳ እውነት ከሆነ፣ ጓደኛችሁን ያስፈነጠረ ጫማ እናንተን ላያስፈነጥር ይችላል። ጠባዩ የሚሰማችሁ የሶሉ መንጠር ነው፤ የቆጠባችሁትን ጉልበት የሚያሳየው ግን የምትተነፍሱት አየር ነው።

እቤት የሚሠራ ሙከራ

አሁን የእናንተ ተራ። የሚያስፈልገው የምትሮጡበት ጫማ፣ ሁለት ጓደኛ፣ አሸዋ፣ ጥጥ፣ ትንንሽ ፌስታል፣ ፕላስተር፣ አንድ ሳንቲምና ሰፈር ሱቅ ያለ ሚዛን ነው።

100 ግራም አሸዋ የያዘ ፌስታል ለእያንዳንዱ ጫማ አንድ አንድ አዘጋጁ። ከዚያ መጠኑ እኩል የሚመስል ግን በጥጥ የተሞላ ሌላ ጥንድ ሥሩ። ጥጡ ለምን? የአሸዋውን ከረጢት ብቻ ብታስሩ እግራችሁ የሚያውቀው ክብደቱን ሳይሆን የሆነ ነገር መለጠፉን ይሆናል። ጫማችሁ ላይ ወርዶ የሚሸፍን ሰፊ ሱሪ ልበሱ። ዓይን ሸፍኖ መሮጥ አይሞከርም፤ ወደ ፊት ብቻ እዩ።

የመጀመሪያው ጓደኛ ሳንቲም ይጥላል፤ ዘውድ ከሆነ አሸዋውን፣ ጎፈር ከሆነ ጥጡን የጫማው ማሰሪያ ላይ በፕላስተር ያጣብቃል። ማሰሪያውንም እሱ ይሰር፣ ሁልጊዜ በእኩል ጥብቀት፤ እናንተ ጎንበስ ካላችሁ እጃችሁ ያውቅባችኋል። ከዚያ ዘወር ይበል። 100 ሜትር ሮጣችሁ ስትመለሱ የሚጠይቃችሁ ሁለተኛው ጓደኛ ነው፤ እሱ የታሰረውን አላየም። የሚያውቅ ሰው ፊቱ ሳይናገር ይናገራላ! «ከባድ» ወይም «ቀላል» ብቻ መልሱ፣ «አላውቅም» አይፈቀድም። አሥር ጊዜ ድገሙት፣ ትክክል መሆናችሁን ግን እስከ መጨረሻው እንዳይነግሯችሁ።

ከአሥር ሰባት ብታገኙ ትደሰታላችሁ። ቆይ ግን። ምንም ሳይሰማው ዝም ብሎ የሚገምት ሰው ሰባትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ 17 በመቶ ነው፤ ከስድስት ገማቾች አንዱ ያገኛታል ማለት ነው። ስምንትና ከዚያ በላይ 5.5 በመቶ። ዘጠኝና ከዚያ በላይ 1 በመቶ ገደማ። እኔ ከዘጠኝ በታች ላለው ብዙ አልደነቅም፤ ስምንት ያመጣ ሰው ሌላ ቀን ይድገመው።

100 ግራም ላይ ዘጠኝ ወይም አሥር ካገኛችሁ ወደ 50 ውረዱ፣ ከዚያ ወደ 25፣ መለየት እስኪያቅታችሁ ድረስ። መጨረሻ ላይ ያንኑ ሙከራ ጫማውን አውልቃችሁ፣ ማሰሪያውን ይዛችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በእጃችሁ ድገሙት። ሁለቱን ቁጥሮች፣ የእጃችሁንና የእግራችሁን፣ ጎን ለጎን ጻፏቸው፤ ከዚያ ቦታ ተቀያየሩና የጓደኞቻችሁንም እዩ፣ ሰው ከሰው በዚህ በጣም ይለያያልና።